የሻጭ ቃልና የሻጭ ዝምታ፦ በቤት ሽያጭ ስለሚነገርና ስለሚደበቅ ነገር የሕግ ታሪክ

ቤት ሲሸጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንደኛው ቤቱን ኖሮበታል፤ ጣራው በየትኛው ማዕዘን እንደሚያፈስ፣ ከጎረቤት ጋር ያለው የድንበር ክርክር የት እንደ ደረሰ፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ደብዳቤ ምን እንደሚል ያውቃል። ሁለተኛው ግን የሚያውቀው በዐይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዕውቀት ልዩነት ጉዳት ባደረሰ ጊዜ ጉዳቱን ማን ይሸከመው? ይህ ጥያቄ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዳኞችንና ጠበቆችን ሲያከራክር የኖረ ነው።

የሀገራችን ሰው በዚህ ጉዳይ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲል ሸክሙን በገዥው ጫንቃ ላይ ይጥላል፤ «ዝም አይነቅዝም» ሲል ደግሞ ነገር የሚያውቀው ሰው አፉን ቢይዝ እንደማይጎዳ ይመክራል። የሽያጭ ሕግ ታሪክ ሲመረመር ግን እነዚህን ሁለት ምክሮች ቀስ በቀስ ሲያጠብ የመጣ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ሕግ የሻጩን የሐሰት ቃል ለመቅጣት አልዘገየም፤ የሻጩን ዝምታ ለመቅጣት ግን ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል፤ ዛሬም ቢሆን ከዝምታ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂቱን ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣና የውል ረቂቅ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ላለ ሰው ምን እንደሚያስተምረው ቀጥሎ ይታያል።

በሮማውያን ዘመን

ሮማዊው ጠበቃና የሀገር መሪ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሚከተለውን ታሪክ ያወሳል። ካኒዩስ የተባለ የሮማ ባላባት ለዕረፍት ወደ ሲሲሊ ደሴት ወደ ሰራኩስ ከተማ ሄደ፤ እዚያም ወዳጆቹን የሚጋብዝበት አነስተኛ የአትክልት ቦታና ቤት ለመግዛት እንደሚፈልግ አስወራ። ገንዘብ በማበደር የሚተዳደር ፒቲዩስ የሚባል ሰው ይህን በሰማ ጊዜ «የምሸጠው ቦታ የለኝም፤ ነገር ግን እንደ ራስህ ቦታ ልትጠቀምበት ትችላለህ» ብሎ ለማግሥቱ ራት ጠራው። በዚያው ዕለት የከተማውን ዓሣ አጥማጆች ሰብስቦ በአትክልቱ ፊት ለፊት እንዲያጠምዱ አዘዛቸው። ካኒዩስ በተባለው ሰዓት ሲደርስ ባሕሩ በጀልባ ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ አጥማጅ ያጠመደውን እያመጣ ከፒቲዩስ እግር ሥር ይጥላል። እንግዳው በመደነቅ ቢጠይቅ፣ የሰራኩስ ዓሣ ሁሉ የሚገኘው በዚህ ስፍራ መሆኑን ፒቲዩስ ነገረው። ካኒዩስም ሽጥልኝ ብሎ ለመነ፤ ሻጩ እያመነታ ቆይቶ በጠየቀው ዋጋ ሸጠለት። በማግሥቱ ገዥው ወዳጆቹን ጋብዞ ሲጠብቅ በባሕሩ ላይ አንዲት ጀልባ እንኳ አልታየችም። የአጥማጆች በዓል እንደ ሆነ ብሎ ጎረቤቱን ቢጠይቀው፣ ጎረቤቱ በዚያ ስፍራ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አይቶ እንደማያውቅና የትናንቱ ነገር ለእርሱም እንግዳ እንደ ሆነበት መለሰለት።

ካኒዩስ ተቈጣ፤ ነገር ግን ሊያደርገው የሚችለው ምንም አልነበረም። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለው ተንኮል የሚሆን የክስ ዓይነት በሮማ ሕግ ገና አልተዘጋጀም ነበር። ይህን ጉድለት የሞላው የሲሴሮ ወዳጅና የሥራ ባልደረባ የነበረው ሕግ ዐዋቂ ጋዩስ አኩዊሊዩስ ነው። ተንኮል ምን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ አንድ ነገር አስመስሎ ሌላ ነገር ማድረግ ነው የሚል ትርጓሜ ሰጠ፤ ለዚህም የተለየ ክስ ተደነገገ። ፒቲዩስ በአንደበቱ የተናገረው ሐሰት ጥቂት ነው፤ ዋናው ሐሰት በባሕሩ ላይ የተሰለፉት ጀልባዎች ነበሩ። የአኩዊሊዩስ ትርጓሜ ከቃል አልፎ እንዲህ ያለውን ድርጊት ጭምር የሚይዝ በመሆኑ ኋላ ለብዙ ሀገሮች ሕግ መሠረት ሆነ።

ሲሴሮ በዚያው መጽሐፉ ሕጉ ዝምታን እንዴት እንደ ያዘው ይተርካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የወጣው የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ሻጩ በሽያጭ ጊዜ በአንደበቱ ያረጋገጠውን ነገር እንዲያሟላ ያስገድደው ነበር፤ የተናገረውን የካደ ሻጭ እጥፍ ይከፍላል። ስላልተናገረው ነገር ግን ተጠያቂነት አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ የመጡት ሕግ ዐዋቂዎች ናቸው ሻጩ ያወቀውንና ያልገለጸውን ጉድለት ጭምር እንዲክስ ያደረጉት።

ለዚህም ምሳሌ የሚሆነው በሮማ ከተማ በኬልዩስ ኮረብታ ላይ የነበረው የክላውዲዩስ ሴንቱማሉስ ቤት ነው። የወፎችን በረራ ተመልክተው የአማልክትን ፈቃድ የሚተረጕሙት ሹማምንት፣ የቤቱ ከፍታ ዕይታቸውን ስለ ከለለባቸው ከፍ ያለው ክፍል እንዲፈርስ አዘዙ። ክላውዲዩስ ትእዛዙን ከተቀበለ በኋላ ቤቱን ለሽያጭ አቀረበው፤ ካልፑርኒዩስ የተባለ ሰውም ገዛው። ትእዛዙ ለአዲሱ ባለቤት በደረሰ ጊዜ ካልፑርኒዩስ አፈረሰ፤ ኋላም ሻጩ ቤቱን ለገበያ ያቀረበው የማፍረሻው ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ መሆኑን ተረዳ። ጉዳዩን እንዲዳኝ የተመረጠው ማርኩስ ካቶ፣ ሻጩ ነገሩን እያወቀ ስላልገለጸ የገዥውን ጉዳት መክፈል አለበት ሲል ፈረደ። ክላውዲዩስ የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ የተፈረደበት በዝምታው ነው።

ይሁን እንጂ ዝምታ ሁሉ ጥፋት አልሆነም። ማሪዩስ ግራቲዲያኑስ ከሰርጊዩስ ኦራታ የገዛውን ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሶ ለዚያው ለኦራታ ሸጠለት፤ ቤቱ የሌላ ሰው የመገልገያ መብት ያለበት መሆኑን ግን በውሉ ላይ አልገለጸም። ኦራታ ሲከስ ጠበቃው ክራሱስ ሻጩ ያወቀውን ጉድለት መግለጽ ነበረበት ብሎ ተከራከረ፤ የተከሳሹ ጠበቃ አንቶኒዩስ በበኩሉ ኦራታ ራሱ ቀድሞ የሸጠው ቤት ስለ ሆነ ነገሩን የሚያውቅ መሆኑን፣ ለሚያውቅ ሰውም መንገር እንደማያስፈልግ አስረዳ። ገዥው የሚያውቀው ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም የሚለው መከራከሪያ ዛሬም በየችሎቱ ይሰማል።

በእንግሊዝ ሀገር

የሮማውያን ሐሳብ በአውሮፓ ምድር ሥር ሲሰድ የእንግሊዝ ዳኞች በራሳቸው መንገድ ሄዱ። መነሻቸውም «ገዥ ይጠንቀቅ» የሚለው አባባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 በተወሰነ አንድ ጉዳይ ባለቤቱ ቤቱ ሊፈርስ የደረሰ መሆኑን እያወቀ፣ ተከራዩም ወዲያው ሊገባበት እንደሚፈልግ እያወቀ ዝም ብሎ አከራየው። ፍርድ ቤቱ ግን ባለቤቱ የመናገር ግዴታ የለበትም፣ ተከራዩ መርምሮ መግባት ይገባው ነበር ሲል ወሰነ። ዝምታ በእንግሊዝ አልነቀዘም ማለት ነው።

አንደበቱን የከፈተ ሻጭ ግን ሌላ ሕግ ይጠብቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 በዲሞክና በሃሌት መካከል በነበረው ክርክር መሬቱ ለምና ሊሻሻል የሚችል ነው የሚለው የሽያጭ ማስታወቂያ ቃል እንደ ተለመደ የሻጭ ውዳሴ ብቻ ተቈጠረ። ነገር ግን እርሻዎቹ በዚህን ያህል ኪራይ ተይዘዋል ብሎ ጽፎ ተከራዮቹ ለመልቀቅ ማስጠንቀቂያ መስጠታቸውን ሳይገልጽ መቅረት አሳሳች ቃል ሆኖ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ አንድ ደንብ ተፈጠረ፤ ይኸውም ጨርሶ ዝም ያለ ሰው ባይጠየቅም፣ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን የዋጠ ግን እንደ ሐሰተኛ ይቈጠራል የሚል ነው።

የሕግ ባለሙያዎችን ይበልጥ የሚስበው እ.ኤ.አ. በ1881 የተወሰነው የሬድግሬቭና የኸርድ ጉዳይ ነው፤ ሻጩ ራሱ የሕግ ባለሙያ ነበርና። በበርሚንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረው ሬድግሬቭ በእርጅናው ምክንያት የሥራ ባልንጀራ የሚሆነውንና መኖሪያ ቤቱን ጭምር የሚገዛውን ሰው ፈለገ። ለኸርድ የቢሮው ገቢ በዓመት 300 ፓውንድ ያህል መሆኑን ነገረው፤ ያቀረበው የሂሳብ መግለጫ ግን የሚያሳየው ወደ 200 ፓውንድ ነበር። ስለ ቀሪው ሲጠየቅ አንድ ክምር ወረቀት እያሳየ በዚያ ውስጥ ይገኛል አለ። ኸርድ ወረቀቱን ሳይመረምር ቤቱን በ1,600 ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ፤ መያዣም ከፈለ። ቢመረምር ኖሮ በወረቀቱ ውስጥ ያለው ገቢ ከቁጥር የማይገባ መሆኑን ያገኘው ነበር። ነገሩን በተረዳ ጊዜ ግዥውን ለመፈጸም እንቢ አለ፤ ሬድግሬቭም ከሰሰው።

በመጀመሪያ ደረጃ ያስቻሉት ዳኛ ኸርድ የመመርመር ዕድል ተሰጥቶት ሳለ ስላልመረመረ ሊያማርር አይችልም ሲሉ ለሻጩ ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ይህን ሻረው። ዋናው ዳኛ ሰር ጆርጅ ጀሰል የሰጡት ምክንያት፣ ሐሰት የተናገረ ሰው «ቃሌን ማመን አልነበረብህም» ብሎ ሊከራከር አይፈቀድለትም የሚል ነበር። ከዚህም በላይ ሻጩ ሐሰቱን አውቆ መናገሩ ሳይረጋገጥ እንኳ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ተወሰነ። ማታለሉ በክሱ ላይ በሚገባ ስላልተዘረዘረ ግን ኸርድ ካሣ አላገኘም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ምክር በዚህ ፍርድ ኃይሉን አጣ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ አንድ ሆቴል ሲሸጥ ተከራዩ «እጅግ ተፈላጊ ተከራይ» እንደ ሆነ በማስታወቂያው ተጽፎ ነበር፤ እውነቱ ግን ተከራዩ ያለፈውን ኪራይ በግፊት ጥቂት በጥቂት የከፈለ፣ የሚቀጥለውንም ያሳደረ ሰው መሆኑ ነበር። ሻጮቹ ይህ አስተያየት እንጂ ስለ ነገሩ ሁኔታ የተሰጠ ቃል አይደለም ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ግን ነገሩን የሚያውቀው አንደኛው ወገን ብቻ ሲሆን፣ የዚያ ሰው አስተያየት በስተጀርባው የሚደግፈው እውነት እንዳለ የሚያረጋግጥ ቃል ነው ሲል ወሰነ።

ውል ማፍረስና ካሣ ማግኘት የተለያዩ መሆናቸው ግን ገዥዎችን ሲጎዳ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1889 የጌቶች ምክር ቤት በአንድ የትራም ኩባንያ ጉዳይ፣ አታላይ የሚባለው ቃሉ ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም እውነት ነው ብሎ ሳያምን፣ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይለው የተናገረ ሰው ብቻ ነው ሲል ወሰነ። በቸልተኝነት የተሳሳተ ሻጭ በዚህ ፍርድ ከካሣ አመለጠ። ይህን ያቃናው እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተናገረውን እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት እንደ ነበረው የማስረዳቱ ሸክም በተናጋሪው ላይ ወደቀ።

በፈረንሳይና በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ የአኩዊሊዩስን ሐሳብ ወርሶ፣ አንደኛው ወገን በፈጸመው ተንኮል ምክንያት የተገባ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ደነገገ። ዝምታ ተንኮል ሊሆን ይችላልን? ለሚለው ጥያቄ የሀገሪቱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት በሃያኛው መቶ ዓመት ግልጽ መልስ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1974 በወሰነው አንድ ጉዳይ የገጠር ቤት የሸጡ ሰዎች በአቅራቢያው የአሳማ ማርቢያ ሊቋቋም መሆኑን እያወቁ ለገዥው አልነገሩትም፤ ፍርድ ቤቱም ዝምታቸው ራሱ ተንኮል ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ። ይህ የፍርድ ቤት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የውል ሕግ ማሻሻያ በሕጉ ውስጥ በጽሑፍ ገባ።

የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ስለ ሆኑ ይህ የሐሳብ ዘር ወደ ሀገራችንም ደርሷል። የሮማውያን ሕግ ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የመጀመሪያው ግን አልነበረም፤ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተጠናቀረው ፍትሐ ነገሥት ከቢዛንጥያ የሕግ መጻሕፍት የተቀዳ ብዙ ክፍል ያለው ሲሆን ስለ ሽያጭም የሚናገር አንቀጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ነገሩን በአዲስ አደራደር አቀረበው።

በቁጥር 1704 መሠረት አንደኛው ወገን በተንኮል ሥራ ሌላውን አታልሎ ያዋዋለው እንደ ሆነና ያለ ተንኮሉ ውሉ የማይደረግ የነበረ እንደ ሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። የሰራኩሱ ፒቲዩስ ዛሬ ቢኖር የሚያዘው ይህ ቁጥር ነው። ስለ ሐሰት ቃል የሚናገረው ቁጥር 1705 ግን ጠበብ ያለ ነው። በክፉ ልቡና ወይም በቸልተኝነት የተነገረ የሐሰት ቃል ውልን የሚያፈርሰው በተዋዋዮቹ መካከል የተለየ መተማመንንና ታማኝነትን የሚጠይቅ ግንኙነት ያለ እንደ ሆነ ነው፤ ስለ ዝምታም የተደነገገው በዚሁ ገደብ ውስጥ ነው።

እንግዲህ የቤት ሻጭና ገዥ አብዛኛውን ጊዜ ደላላ ያገናኛቸው እንግዳ ሰዎች ናቸው። ኸርድ ክሱን በአዲስ አበባ ቢያቀርብ ኖሮ «ያለ ተንኮል ሥራ በቃል ብቻ የተነገረ ሐሰት ከቁጥር 1704 ይገባልን? ከሻጩስ ጋር የተለየ መተማመን ነበረህን?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀው ነበር። የእንግሊዙ ሕግ ለገዥው በሰፊው የከፈተውን በር የእኛ ሕግ በዚህ በኩል ገርበብ አድርጎ ትቶታል።

ገዥው ግን ሌላ በር አለው። በሽያጭ ሕግ ውስጥ ሻጩ ዕቃው ጉድለት የሌለበትና ከውሉ ጋር የሚስማማ ስለ መሆኑ ኃላፊ መሆኑ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ተደንግጓል፤ እነዚህ አጠቃላይ ደንቦች በማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭም ላይ እንደሚሠሩ ቁጥር 2875 ያመለክታል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ገዥ የሻጩን ተንኮል ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በውሉ የተጻፈው ነገር አለመገኘቱን ማስረዳት ይበቃዋል። የሚያዝበት ግን የጊዜው ጉዳይ ነው፤ ጉድለቱን ፈጥኖ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ውሉ በተንኮል ምክንያት እንዲፈርስለት የሚጠይቅም ቢሆን ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ እንዳለበት ቁጥር 1810 ይደነግጋል። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 692 አታላይነትን ሲደነግግ፣ ከሐሰት ቃል ጋር መግለጽ የሚገባውን ነገር መደበቅን ጭምር አግብቷል።

የሽያጩም ነገር በዘመን ተለውጧል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ካጸና በኋላ፣ ሰው የሚሸጠው ቤቱን ነው። ስለዚህም የሻጩ ቃል ክብደት ጨምሯል። ገዥው የሚገዛው ግድግዳና ጣራ ይሁን እንጂ ዋጋውን የሚወስነው ከቤቱ ጋር ያለው የይዞታ መብት ነው፤ ካርታው ትክክል ስለ መሆኑ፣ የሊዝ ዕዳ ስለ መኖሩ፣ ቤቱ በባንክ መያዣነት ወይም በፍርድ ቤት እግድ የተያዘ ስለ መሆኑ፣ መንገድ ሲሰፋ ወይም አካባቢው ሲለማ የሚፈርስ ስለ መሆኑ አስቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው። የማፍረሻ ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ ቤቱን ፈጥኖ ለገበያ የሚያወጣ ሰው የክላውዲዩስን ሥራ ይደግማል። ካቶ የፈረደለትን ያህል ለገዥው ለመፍረድ ግን የእኛ ዳኛ በመጀመሪያ ዝምታው ከየትኛው ቁጥር እንደሚገባ መመርመር ይኖርበታል።

ጥያቄ ዝምታን ቃል ስለ ማድረጉ

የዚህ ሁሉ ታሪክ ትምህርት ከለንደን በተሰጠ አንድ የቅርብ ጊዜ ፍርድ ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በ32.5 ሚሊዮን ፓውንድ በተሸጠ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ሙቀት እንዳይወጣ በግድግዳውና በጣራው መካከል በተጎዘጎዘው የበግ ፀጉር ውስጥ የልብስ ብል ተራብቶ ነበር። ገዥዎቹ ከውሉ በፊት በጠበቃቸው በኩል በጽሑፍ ባቀረቡት ጥያቄ ቤቱን የሚያበላሹ ተባዮች ታይተው እንደ ሆነ ጠይቀዋል፤ ሻጩ ስለ ብሉ የባለሙያዎች ሪፖርት ደርሶት ሳለ የማውቀው የለም የሚል መልስ ሰጠ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 መልሶቹ በማታለል የተሰጡ ሐሰተኛ ቃሎች መሆናቸውን አረጋግጦ፣ ውሉ እንዲፈርስ፣ ገዥዎቹ በቤቱ ለኖሩበት ጊዜ የሚታሰበው ተቀንሶ ዋጋው እንዲመለስላቸውና ካሣም እንዲከፈላቸው ወሰነ።

በዚህ ጉዳይ ሻጩን ያስያዘው የገዥዎቹ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ሻጩ ስለ ብሉ በራሱ ተነሣሥቶ እንዲናገር የሚያስገድደው ደንብ አልነበረም፤ ሳይጠየቅ ዝም ቢል ኖሮ ገዥዎቹ እ.ኤ.አ. በ1851 እንደ ተረታው ተከራይ በሆኑ ነበር። የተጻፈ ጥያቄ ግን ዝምታውን ወደ ቃል ለወጠው፤ ቃል የሆነውን ደግሞ ሕግ ሁልጊዜ ይይዘዋል።

በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚደረግ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት እንዲመዘገብ የኢትዮጵያ ሕግ በቁጥር 1723 ያዛል። በየዕለቱ ከሚጻፉት ውሎች ብዙዎቹ ግን የተዋዋዮቹን ስም፣ የቤቱን ቁጥርና ዋጋውን ከመዘርዘርና «ሻጭ ተከራካሪ ቢመጣ እከላከላለሁ» ከማለት አያልፉም። ሻጩ በደላላው ፊትና በቡና ላይ የተናገረው፣ ገዥውንም ለመግዛት ያነሣሣው ቃል ከውሉ ውጭ ይቀራል። ክርክር በተነሣ ጊዜ ያንን ቃል በምስክር ለማስረዳት የሚደረገው ድካም ለማንኛውም ጠበቃ የታወቀ ነው።

ስለዚህ የውሉ ረቂቅ አዘጋጅ ከዋጋው በፊት ጥያቄዎቹን ቢያስቀድም ለገዥው ዋና አገልግሎት ይሰጠዋል። በቤቱ ላይ የመያዣ ዕዳ፣ እግድ፣ የሊዝ ውዝፍ፣ የጋራ ባለቤት ወይም የትዳር ጓደኛ መብት አለን? ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ቦታው የደረሰ ደብዳቤ አለን? ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል አለን? በቤቱ ላይ የታወቀ ስንጥቅ ወይም የውኃ መግባት አለን? የሚሉት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በውሉ ውስጥ ተጽፈው ሻጩ ቢፈርምባቸው፣ ለቁጥር 1704 ክስ ማስረጃ፣ ቤቱ ከውሉ ጋር አይስማማም ለሚለው ክስ ደግሞ መሠረት ይሆናሉ። ለቅን ሻጭም ይጠቅማሉ፤ ጉድለቱን ገልጾ የሸጠ ሰው አንቶኒዩስ ለደንበኛው ያቀረበውን መከላከያ በእጁ ይዟልና።

ካኒዩስ ከመግዛቱ በፊት ጎረቤቱን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ገንዘቡ ይተርፍለት ነበር፤ የጠየቀው ግን ከከፈለ በኋላ ነው። ከእርሱ ወዲህ ያለው የሕግ ታሪክ ዘግይቶ የጠየቀውን ገዥ ለመርዳት የተደረገ ረጅም ጥረት ነው። አስቀድሞ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ለያዘ ሰው ግን ፍርድ ቤቱ መንገዱን ያገኘዋል። ዝም ባይነቅዝም፣ ተጠይቆ የተሰጠ የሐሰት መልስ ግን መንቀዙ አይቀርም።